እሑድ ድንጋዩ ላይ እንዳትወጣ

ውድ የእህቴ ባል፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ያለሱ አይጀመርም ስለሚባል ነው እንጂ ሌላ እንዳይመስልህ። ወረቀቱን ገና ከዚህ ጨምድደህ እንዳትጥለው ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ፤ እሑድ ከግድቡ በር ሥር ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዓሣ ለማጥመድ እንዳትወጣ። በሩ ሊከፈት ሲል የሚጮኸው ሳይረን ተበላሽቷል። ውኃው ሳያስጠነቅቅ ነው የሚመጣው። ትሞታለህ።

«ይሄ ቀልማዳ ደግሞ ጀመረው» ስትል እዚህ ድረስ ይሰማኛል። በል፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብብ። ጽሑፌ ከተንሻፈፈብህ ከስምንተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፣ እሱንም በፋይሌ ላይ ጽፈኸዋል።

አልወድህም። ፊት ለፊት ነግሬህ ስለማላውቅ በጽሑፍ ይያዝልኝ። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጋሼ ነበርክ። የማቀዝቀዣ ጥገናን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ አልክድም። ኮምፕሬሰር በጆሮ ብቻ ምን እንደነካው መለየትን ካንተ ነው የተማርኩት። የጥገና ድርጅታችን ኃላፊ ተብለህ ወንበር ከያዝክ ወዲህ ግን ሰው መሆንህ ቀርቶ ማኅተም ሆንክ።

ለሁለት ዓመት አሁን ያለህበትን የወተት ፋብሪካ የምጠግነው እኔ ነበርኩ። በየሦስት ወሩ ያችን የተራራ ከተማ እወጣለሁ፣ ማሽኑን እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ፣ እሑድ ትራውት ዓሣዬን አጠምዳለሁ። ማንን ጎዳሁ? እሺ፣ አንዱን ከነሕይወቱ በባልዲ አምጥቼ የሥራ አስኪያጁ እጅ መታጠቢያ ውስጥ ለቅቄዋለሁ። ሰውየው ሳሙና መስሎት ጨበጠው። ፋብሪካው ሳምንት ሙሉ ሳቀ። አንተ ግን ኃላፊ ከሆንክ ገና ሁለት ወርህ ነበርና ወንበርህን የምታሟሽበት ሰው ፈለግህ። ሪፖርት ጻፍክ። «የድርጅቱ የሙቀት መለኪያ ዓሣ ዓሣ ይሸታል» የሚል ነገር ከነፊርማህ አለ። አሽትተኸው ነው? መነጽርህን አድርገህ፣ ቁጭ ብለህ፣ መለኪያ አሸተትክ?

ከመስክ ነቅለህ ስቶር ከተትከኝ። ቀኑን ሙሉ በብረት መደርደሪያ መሀል ቆሜ ብሎንና የቧንቧ ጎሚኒ ሳድል እውላለሁ። ይህንንም እችለው ነበር። ያልቻልኩት በእኔ ቦታ ራስህ መሄድህ ነው። ያውም አዲስ ዘንግ ገዝተህ! ያውም እህቴን አማላጅ ልከህ!

«ጥሩ ጥሩዎቹን ቦታዎች ጻፍለት» አለችኝ ስቶር ድረስ መጥታ። «አንተ እንደሆነ ከእንግዲህ አትሄድበትም።»

«ራሱ ለምን አይጠይቀኝም?»

«ታውቀው የለ፣ ያፍራል።»

«ሪፖርቱን ሲጽፍ አላፈረም?»

«ወይ አንተ! እሱን ተወው አሁን፣ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ኪስህ ውስጥ ያለው ወረቀት ያ ነው። ሦስት ቦታ አለው፣ ሦስቱም ተንኮል ነው። አንደኛው ከፋብሪካው ማጠቢያ ቱቦ በታች ነው። እዚያ እንኳን ትራውት እንቁራሪትም አይኖር፤ ሽታው ግን ሦስት ቀን ከልብስ አይለቅም። ሁለተኛው ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው። ልጆቹ እሑድም ኳስ ሊጫወቱ ይመጡና አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው አጥማጅ ያበሽቃሉ። እኔን በሃያ አራት ዓመቴ «አባባ፣ ጫማ ያዙ ወይ?» ብለውኛል። እነዚህን ሁለቱን እስካሁን ቀምሰሃቸው ከሆነ ይበልህ፣ ይቅርታ አልጠይቅም።

ሦስተኛው «እሑድ ጠዋት ሂድ» ብዬ የጻፍኩልህ ድንጋዩ ነው። እሱ እውነት ዓሣ አለው፣ የሚያታልለውም ለዚህ ነው። ውኃው ከበሩ ሲወርድ አየር ጠግቦ ስለሚወርድ ትልልቆቹ እዚያ ያደባሉ። በሩ ግን እኔ እስከማውቀው እሑድ እሑድ አራት ሰዓት ላይ ነው የሚከፈተው። መጀመሪያ ሳይረኑ ሦስቴ ይጮኻል፣ ከዚያ ውኃው እስኪመጣ አሥር ደቂቃ አለ። አሥር ደቂቃ ለሚያውቀው ብዙ ነው። ለማያውቀው ግን የዓለም መጨረሻ ነው የሚመስለው፤ እኔ ራሴ መጀመሪያ ቀን አንድ ጫማዬን ጥዬ ነው የሮጥኩት። አንተ በዚያ ቦርጭህ፣ እስከ ጉልበትህ በሚደርስ የጎማ ቦት ስትሮጥ ማየት ፈለግሁ። የፈለግሁት ይኸው ነው። እንዲያውም ማየቱ እንዳይቀርብኝ ትናንት ሐሙስ ለግድቡ ዘበኛ ደወልኩ። ጥርሱ ስለወለቀ ሲያወራ ያፏጫልና ፉጨት ነው የምንለው።

«ፉጨት፣ እሑድ ዘንግ የያዘ አንድ ወፍራም ሰውዬ ድንጋዩ ላይ ይወጣልሃል። ሳይረኑ ሲጮኽ በስልክህ ቅረጽልኝ።»

«የምን ሳይረን?»

«ሳይረኑ ነዋ!»

«እሱማ ዝም ካለ ሦስት ሳምንቱ። ዕቃ እስኪመጣለት እየጠበቅን ነው። ወደ ላይ በኩል ዝናቡ በርትቷል፣ በሩንም ውኃው በሞላ ሰዓት ነው የምንከፍተው፤ ጠዋት የለ፣ ቀትር የለ።»

«ሰው መኖሩን ሳታዩ?»

«ከመቆጣጠሪያው ቤት ድንጋዩ መች ይታያል? ግንቡ ይከልለዋል። ደግሞ አሁን ማን ይወጣበታል? የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል።»

የከተማው ሰው። አንተ የከተማው ሰው አይደለህም። 

«እሑድ ተረኛው አንተ ነህ?»

«እኔ ከነገ ጀምሮ ፈቃድ ነኝ።»

«እንግዲያው ለተተኪህ ንገርልኝ፣ በናትህ። ሰውየው የምር ይወጣል።»

ሳቀብኝ። «ባለፈው እባብ ገባ ብለህ ሁላችንንም ዝናብ ላይ አላስወጣኸንም? አንተ ልጅ፣ አሁንስ አበዛኸው!» ብሎ ዘጋው። መልሼ ብደውል አያነሳም።

ላንተ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። «ስቶሩ በእሳት ተያያዘ» ብዬ ከፀጉር ቤት ግማሽ ራስህ ተላጭቶ ካስሮጥኩህ ወዲህ ቁጥሬን ዘግተሃል፣ አልፈርድብህም። ፋብሪካው ዘንድ ደወልኩ። ጸሐፊዋ ድምፄን ስትሰማ «መታጠቢያው ዛሬ ንጹሕ ነው፣ እናመሰግናለን» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። እህቴ ቤት ሄጄ ነገርኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር፣ ቀናም አላለችም።

«ጥሩውን ቦታ ሰጥተኸው ቆጨህ፣ አይደል?» አለችኝ።

«እመቤቴን! ውኃው ይወስደዋል እኮ እልሻለሁ!»

«ሂድ ወደዚያ፣ ምቀኛ።»

እንግዲህ የገዛ እህቴ እንዲህ ካለችኝ አንተ ምን እንደምትል አውቃለሁ። ድንጋዩ ጋ ሄደህ ከላይ ትመለከታለህ፣ ትልልቆቹ ሲገለባበጡ ታያለህ፣ «ለካ ለዚህ ነው የሚቀባጥረው» ብለህ ትወርዳለህ። ነገ የማቀዝቀዣ ጋዝ ይዞ ወደ ፋብሪካው በሚወጣው መኪናችን እኔ ራሴ እንዳልመጣ፣ ጋዝ በጫነ መኪና ሰው አይሳፈር የሚል ደንብ አውጥተሃል። ደንቡን ብጥስ ደስ ባለኝ፣ ሾፌሩ ግን ሥራውን ይወዳል። አውቶቡስ ደግሞ እስከ ሰኞ የለም። ስለዚህ ደብዳቤውን ሾፌሩ ነገ ቅዳሜ ሲሊንደሮቹን ሲያራግፍ እጅህ ላይ ይሰጥሃል። አንብበህ እስክትጨርስ ንቅንቅ እንዳትል ብዬዋለሁ።

እንድታምነኝ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱንም ላንተ መስጠት ያንገበግበኛል። የራሴን ቦታ ልነግርህ ነው። እህቴ አታውቀውም፣ ፉጨት አያውቀውም፣ ማንም አያውቀውም።

ከፋብሪካው የኋላ በር ውጣና ወንዙን ወደ ላይ ተከተለው። በእኔ እግር ሃያ ደቂቃ ነው፣ ባንተ አርባ በለው። ግድቡ ከፋብሪካው በታች ስለሆነ የበሩ ውኃ እዚያ አይደርስም። የብረቱን ድልድይ እንዳለፍክ ወንዙ ላይ የተጋደመ ዛፍ ታገኛለህ። ከዛፉ ሠላሳ እርምጃ ከፍ ብሎ፣ በግራ እጅህ፣ ሣሩ ውኃው ላይ የተደፋበት ዳርቻ አለ። ሲያዩት ምንም የለበትም፤ አጥማጁ ሁሉ ያልፈዋል። አሁን የሥራ መለኪያህን አውጣ። መጀመሪያ መሀል ወንዙ ላይ ንከረው፣ አሥራ አምስት ዲግሪ ይልሃል። ቀጥለህ ሣሩ ሥር ንከረው። ዘጠኝ ላይ እስኪቆም ጠብቅ። ከሥሩ ምንጭ ይገባል። ትራውት ሙቀት ሲበዛበት ቅዝቃዜ ፍለጋ ነው የሚሄደው። ሌላው ሰው ዓሣውን ሲፈልግ እኔ ቅዝቃዜውን ፈለግሁ፣ በየእርምጃው መለኪያ እየነከርኩ። አምስት እሑድ ፈጅቶብኛል። «የድርጅቱን ንብረት ለግል ጥቅም» ብለህ የጻፍከው ይህንን ነው።

እኔን አትመን። መለኪያውን ግን አንተው ራስህ ነህ ያስተካከልከው። ነገ ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ ሂድና ንከረው። ዘጠኝ ካላለ እንደ ልማዴ ቀባጥሬያለሁ ማለት ነው። ዘጠኝ ካለ ግን በድንጋዩ የቀናብህ ሰው ከድንጋዩ የሚበልጠውን ቦታ በነፃ እንደማይሰጥህ አስብ። አንተ ብትሆን ትሰጥ ነበር? እንኳን ቦታ፣ ትል አትሰጥም።

እሑድ በጠዋት ሂድ። ጎንበስ ብለህ ቅረብ፣ የቦርጭህ ጥላ ውኃው ላይ ካረፈ ሁሉም ይበረግጋሉ። ትንንሾቹን መልሳቸው። ከሁለት በላይ እንዳትወስድ፣ የኔ ናቸው።

አልታረቅኩህም። ከተራራው ስትወርድም ሰላም አልልህም፣ ያ ሪፖርት ከፋይሌ እስኪወጣ ድረስ ጠላትህ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ግን ስቶር ደውል። ስለ ዓሣው አታውራኝ። ስደበኝ፣ ሌላ ሪፖርት ጻፍብኝ፣ ከፈለግህ አባረኝ። ብቻ ደውል። ሥራ የሚገባው ሁለት ሰዓት ነው፣ እኔ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ስልኩ አጠገብ ነኝ።

የሚስትህ ወንድም