ነጸብራቁ ሲገፈፍ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ጥር 13 ቀን

ለምሳሳልህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ስልክህ ዝግ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ለጎረቤታችን ለጭነት መኪና ሹፌሩ ሰጥቼዋለሁ። ጭነት በሚያደርስበት ወደብ ከተማ ውስጥ አንተን የሚመስል ልጅ ከጀርባው አይቻለሁ ብሏል። ጀርባም ቢሆን ይበቃኛል።

ሞተርህና ጫማህ ግድቡ ዳር ከተገኙ ወዲህ ፖሊሶቹ «ውሃው ውስጥ ነው» ይላሉ። እናትህ «ልጄ በሕይወት አለ» ትላለች። እኔ ደግሞ ሳላጣራ አልፈርድም፤ ታውቀኛለህ።

ቤት ትተኸው የሄድከውን የሞተር መነጽርህን መጀመሪያ በጠረጴዛው መስታወት ላይ ሞከርኩት። ቀጥ አድርጌ ስይዘው የመስኮቱ ነጸብራቅ ደበዘዘ፤ ወደ ጎን ሳዞረው ተመለሰ። ፖላራይዝድ ነው፤ ሻጩ አላታለለህም። የፀሐይ ብርሃን ሲመጣ በየአቅጣጫው ይርገበገባል። ውሃ ላይ በሰያፍ አርፎ ሲንጸባረቅ ግን፣ የሚመለሰው በአብዛኛው ከውሃው ገጽ ጋር ተጋድሞ የሚርገበገበው ነው። መነጽሩ እሱን ያግድና ከውስጥ የሚመጣውን ያሳልፋል። ቀጥ ብሎ ከሚንጠለጠል የቱምቢ ክር ሃምሳ ሦስት ዲግሪ አዘንብለህ ስታይ ነጸብራቁ ፈጽሞ ይገፈፋል። እናም ማዕዘኑን በክርና በካርቶን እየለካሁ የግድቡን ዳር በሙሉ ዞርኩት።

የግድቡ ጥበቃ አይቶኝ፣

«መምህር፣ ዓሣ እያጠመዱ ነው ወይስ እያስተማሩ?» አለኝ።

«ና እይ» ብዬ መነጽሩን ሰጠሁት።

«ወይ ጉድ! ድንጋዩ አንድ በአንድ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ የምፈልገው ነገር ገባው መሰለኝ፣ ሳቁን ዋጠው። «አባቴ፣ የግድግዳው ሥርስ? አዩት?»

አላየሁትም። እዚያ ውሃው ጥልቅና ድፍርስ ነው። ነጸብራቁን ባነሳውም ከሥር ተመልሶ የሚመጣ ብርሃን የለም፤ የሚታየኝ ጥቁር ብቻ ነው። በሌላው ቦታ ሁሉ ግን የለህም። ይህን በእርግጠኝነት እጽፍልሃለሁ።

ሐሙስ እዚያ ጠላቂዎች ይገባሉ። እናትህ አልሰማችም፤ ሸሚዞችህን እየተኮሰች ነው።

ልጄ፣ ያስከፋህ ነገር ካለ አንጠይቅህም። ና ብዬም አላስገድድህም። ከሐሙስ በፊት ደውል ብቻ። መናገር ካቃተህ ዝም በል፤ በትንፋሽህ አውቅሃለሁ።

ያለህበት ይመችህ። ክፉ አይንካህ፤ ዕድሜህ ከእኔ ዕድሜ ይርዘም።

አባትህ

ይድረስ ለማላውቅህ ልጅ፤ ሹፌሩ ተሳስቶ ይህን ለአንተ ሰጥቶህ ከሆነ፣ እባክህ ደብዳቤውን አትመልስልኝ።