የመሰላሉ ሚስማር

እማዬ፣

ነገሩ የተበላሸው ጎረቤታችን ባለሱቁ ጋሼ በለጠ የጋራ ዕቃ ቤታችን በር ላይ ጓጉንቸር ገጥመው ቁልፉን ኪሳቸው የከተቱ ጊዜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ቧንቧው ጋ ወረፋ የያዝነው ሁሉ ቆመን አየን። "ዕቃ እየጠፋ ነው፤ ሌባ ገብቷል" አሉ። እኔም እንደ ሌላው ባልዲዬን ሞልቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። ከተለየሽን ሰባት ወር ሆነ፤ በሰባት ወር ውስጥ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

የካዛንቺስ ወዳጆችሽ ቤታቸው ፈርሶ ተበታትነዋል። እኛ ከባምቢስ ጀርባ ስድስት ቤት ሆነን አለን። ልጣጩን ዛሬም አጥሩ ሥር እቀብራለሁ፤ ጎመን ያጠብኩበትን ውሃ ቆስጣው ላይ አፈስሳለሁ። የተቀየረው ዓይናችን ነው። አንዳችን የሌላችንን እጅ እየጠበቅን ነው የምንኖረው።

"ስድስት ቤት ስድስት መሰላል ምን ያደርግለታል?" ትይ ነበር። አንድ መሰላል፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መጋዝ፣ ሁለት ትልልቅ ድስት። ለእያንዳንዱ ዕቃ ግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር መታሽ። የወሰደ ሰው ከሚለብሰው አንድ ነገር ሚስማሩ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል፤ ሲመልስ የራሱን ያወርዳል። መዝገብ የለም፣ ፊርማ የለም። ጋሼ በለጠ ያኔ "አስካለ ድህነትን በሥርዓት ታስተዳድራለች" እያሉ ይስቁብሽ ነበር። አንቺም "እርስዎም ይምጡና ይተዳደሩ እንግዲህ" ትያቸው ነበር።

ከአርባሽ በኋላ ዕቃ ቤት ብገባ መሰላሉ የለም፣ መኪናው የለም። ሚስማሮቹ ባዶ ናቸው። የማልጠረጥረው ሰው አልቀረም። በየግድግዳው የስፌት መኪና ድምፅ ሳዳምጥ ከረምኩ። የእትዬ አልማዝ ልጅ ሱሪ ጉልበቱ ላይ አዲስ እራፊ አይቼ፣ ከዚያ ወዲህ እትዬን ሰላም ስላት የማየው ፊቷን ሳይሆን እራፊውን ሆነ። አንቺ ስታጣጥሪ ሌሊቱን አብራኝ የተቀመጠችውን ሴት!

በዚህ መሃል ከአንድ ፕሮጀክት ነን ያሉ ሰዎች ካሜራ ይዘው መጡ። "ቀላል ኑሮ በጋራ" የሚል ባነር አጥራችን ላይ ተዘረጋ። ጋሼ በለጠ ያንቺ ቆስጣ ፊት ቆመው "እኔ ነኝ ያስጀመርኩት" አሉ። ስምሽን ማንም አላነሳም። እኔስ ብሆን? ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ሙሉ ያንቺኑ ነገር በትልልቅ ቃላት ተማርኩት፤ አንድ ቀን እጄን አውጥቼ "ይሄንን እናቴ ታደርገዋለች" አላልኩም። አፍሬብሽ ነበር፣ እማዬ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ አልማዝ የስፌት መኪናውን ተሸክማ በራችን ላይ ቆመች። "እንኪ ልጄ፣ አቆየሁባችሁ። ሻሼን አምጪልኝ።"

የቱን ሻሽ አልኳት።

"ቢጫውን ነዋ! ሚስማሩ ላይ የሰቀልኩትን።"

የአርባሽ ዋዜማ ልብስሽን ለነዳያን ስቋጥር፣ ዕቃ ቤት የተሰቀለውንም ያንቺ መስሎኝ አንድ ላይ ጠቅልዬ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰጥቼዋለሁ። ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ነበር፤ አላየሁም። ሚስማሮቹን ባዶ ያደረግኳቸው እኔው ነኝ። ስነግራት እትዬ ሳቋን መያዝ አቃታት። "በቃ፣ አንዷ ደጀ ሰላሙ ላይ አምሮባት ተቀምጣለች ማለት ነው" አለችኝ። ይቅርታ ስጠይቃት እንኳ ለምን እንደሆነ አልገባትም።

ማታ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከመሰላሉ ሚስማር ያወረድኩት ቡናማ ኮፍያ ነበር። የአባዬ ነው ብዬ ስሜው ነው የቋጠርኩት። አባዬ ግን ኮፍያ አድርጎ አያውቅም፤ ከጎረቤት ቡናማ ኮፍያ የሚያደርጉት ጋሼ በለጠ ብቻ ናቸው። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ባምቢስ ያለው ሱቃቸው ገባሁ። መሰላሉ መደርደሪያው ላይ ተደግፏል፤ በሩን ስትቀቢ ያንጠባጠብሽው ሰማያዊ ቀለም ሦስተኛው እርከን ላይ አለ። ኮፍያቸው ሚስማሩ ላይ እንደሌለ አይተዋል፤ ጠያቂ እንደማይመጣ አውቀዋል፤ ከዚያ ሌባ ገባ ብለው ቆለፉ።

እሁድ ጎረቤት በተሰበሰበበት የራሴንም ጥፋት፣ የእሳቸውንም ተናገርኩ። ጋሼ በለጠ አልተቆጡም። በሀዘኔታ አንገታቸውን ነቀነቁ። "ተዉአት፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግራት።" በቃ። አንዱ ውሃ አቀበለኝ። እትዬ አልማዝ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። የመሰላሉ ነገር እዚያው ቀረ።

ዛሬ ጠዋት ሱቃቸው ሄድኩ። መሰላሉን ትከሻዬ ላይ አደረግኩና፣ በሥርዓትሽ መሠረት፣ ጥቁር ሻሼን ፈትቼ በቦታው ሰቀልኩላቸው። ማን እንደወሰደው እንዳይጠፋቸው። የባምቢስ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያየኝ ፀጉሬን ነፋስ እየመታው መጣሁ። መሰላሉ አሁን የተቆለፈው በር ፊት ተኝቷል። የሚፈልግ ሰው ይውሰድ፤ አዲስ ሚስማር በውጭ በኩል መትቼለታለሁ።

ላስታውስሽ የምችለው እንዲህ ነው፣ እማዬ፤ አንቺ የከፈትሽውን ክፍት በማድረግ። ብዙ ነገር ችያለሁ፤ ስምሽን ሲዘሉት ችያለሁ። ከእንግዲህ ግን፣ ሐዘኔን አሳበው ያለቀሰ ዓይን አያይም ሲሉኝ አልቀበልም።

ልጅሽ