ለቅሶ ቤት ያገኘሁት ዝና

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ከሜልቦርን ከመጣሁ አራተኛ ቀኔ። እህቴ ብርቅአየሁ ዘንድ፣ ስዊድን፣ ሻርሆልመን ሰፈር። ሽንኩርት ስልጥ ዋልኩ፤ እሁድ የልጇ ክርስትና ነው። ያውም እኔ! ኮሜዲያኑ! አውስትራሊያን በሳቅ ያፈረስኩት... እንግዲህ የራሴ ደብተር ነው፣ ምን ያስዋሸኛል? ባለፈው መድረኬ የመጣው ዐሥራ አንድ ሰው ነው። ግን ይሄን የመሰለ ጽሕፈት ማን አለው? የማታ የፊደል ትምህርት ከጨረስኩ ሁለት ወር ሆነኝ። መምህሯ «አንደኛ ነህ» አሉኝ። ሁለት ነበርን።

እሁድ፣ ጥቅምት 9

ወይ ጉድ... በረዶ ገዝቼ ስመለስ ፎቅ ተሳሳትኩ። በሩ ላይ የጫማ ክምር፣ ከውስጥ ያገር ሰው ድምፅ... ሌላ ምን ይሆናል? እልል እያልኩ ገባሁ።

«ሕፃኑ የታለ? አፍንጫዬን ከወረሰ ወዮለት! እሱ እዚህ ተኝቶ አፍንጫው ከከተማው ማዶ ቬሊንግቢ ይደርሳል!»

ሁሉም ጥቁር ለብሷል። ጠረጴዛው ላይ የሟች ፎቶ። ለቅሶ ቤት!

ባላቸው የሞተባቸው ወይዘሮ ከበደች ግን... ፍርፍር ብለው ሳቁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። በረዶዬን እንደታቀፍኩ ሮጥኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ለካ ልጃቸው ርሆቦት ለቅሶውን አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶች በስልክ ታሳይ ነበር! አንዱ ዘመድ እኔ ያለሁበትን ቆርጦ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። አራት መቶ ሺህ ሰው አይቶኛል። ቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ላይ አንዷ «አፍንጫው!» ብላ ጮኸች። የሶደርተልየ ከተማ ያገር ልጆች ለቅዳሜ አዳራሽ ያዙልኝ፣ ትኬቱ በአንድ ቀን አለቀ። ተመስገን... እኔማ ድሮም አውቀው ነበር።

ከዚያ እዚህ ያለው የሐበሻ ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ዕንባቆም ደወሉ። «አንተ ሰው፣ በሰው ሐዘን ስም ታወጣለህ? ወይዘሮ ከበደችን ጠይቀሃል?»

አልጠየቅኩም። ለምን አልጠየቅኩም? ወይዘሮዋ «ተው» ካሉ ቅዳሜ የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ይቅርታ ልጠይቅ እንደ አገሬ ወግ ድንጋይ ተሸክሜ ወደ ለቅሶ ቤቱ ወጣሁ። ሻርሆልመን ውስጥ ድንጋይ መፈለግ ራሱ ንስሐ ነው! ከአበባ መደብ አንዱን አነሳሁ። ርሆቦት በሩን ከፍታ ስታየኝ በስዊድንኛ እናቷን ተጣራች። ደጃፉ ላይ ተንበረከክሁ።

«አውርደው ልጄ፣ ወለሉ የኪራይ ነው» አሉ ወይዘሮ ከበደች።

«መጀመሪያ ይቅር ይበሉኝ።»

«ለምኑ? እሱ ከሞተ ወዲህ እህል ባፌ አልዞረም ነበር። አንተ የመጣህ ዕለት ራበኝ።»

ድንጋዩን አወረድኩ።

«እንግዲያው ቅዳሜ ይምጡልኝ» አልኩ።

«አርባው ሳይወጣ የት እሄዳለሁ? አንተ ና እንጂ። እዚህ ቀልደህ ሂድ።»

እሁድ፣ ጥቅምት 16

ትናንት ጧት ለወይዘሮ ከበደች ሁሉንም ቀለድኩላቸው። የሐኪሙን ቀልድ «ይሄ አያስቅም፣ ተወው» አሉኝ። ተውኩት። ማታ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበልኝ፣ አቶ ዕንባቆም ሳይቀሩ። ኦስሎም ጠርቶኛል። እግዜር ይስጥልኝ ከማለት ሌላ ምን እጽፋለሁ?

ዛሬ ለወይዘሮ ከበደች ዝናዬን ላወራላቸው ወጣሁ። እሳቸው ስለ ባላቸው ጀመሩ።

«ቀልድ አይችልም ነበር» አሉ። «ሠላሳ ዓመት የሳቅሁለት እኔ ብቻ ነኝ።»

ሁለት ሰዓት ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አንድ ቀልድ አልጨመርኩም።