«ባደረባቸው ሕመም» አይባልልኝ ያሉት የአቶ ወንዳፍራሽ ዘርአብሩክ የሕይወት ታሪክ

አቶ ወንዳፍራሽ ዘርአብሩክ ከአባታቸው ከአቶ ዘርአብሩክ ወልደየስና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺአረግ በየነ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት በጎሬ ከተማ ጥር 12 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ ቃና ዘገሊላ ነበርና፣ ሰፈሩ ታቦት አጅቦ ሲመለስ እልልታው ለታቦቱም ለሕፃኑም ሆነ። እሳቸው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ «ግማሹ የእኔ ነው» እያሉ ከካህናት ጋር ይከራከሩ ነበር።

አባታቸው ክረምት ባሮ ሞልቶ መርከብ በሚገባበት ዘመን ከጎሬ ወደ ጋምቤላ እየወረዱ በቡና መጋዘን ይሠሩ ስለነበር፣ አቶ ወንዳፍራሽ ይህችን ከተማ ያወቋት ገና በልጅነታቸው ነው። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጎሬ ተከታትለዋል። መምህሮቻቸው በሒሳብ ጎበዝ፣ በክርክር ግን የማይረታ ይሏቸው ነበር። ያም ጠባይ አብሯቸው አረጀ እንጂ አልለቀቃቸውም።

በ1973 ዓ.ም. በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ በጫኝና አውራጅነት ተቀጠሩ። ያኔ ማኮብኮቢያው ጠጠር ነበር፤ አውሮፕላን ሳይመጣ ከብት ማባረርም ከሥራው አንዱ ነበር። ቀጥሎ ሻንጣ መዛኝ፣ በመጨረሻም አውሮፕላኑ ሲያርፍ ከፊቱ ቆመው በሁለት እጃቸው ምልክት እየሰጡ ከቦታው የሚያቆሙት ሰው ሆኑ። በዚያ ፀሐይ አብረዋቸው የቆሙት ባልደረባቸውና የልብ ወዳጃቸው አቶ ኦፒው አኳይ ናቸው።

አቶ ወንዳፍራሽን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ይመሰክራል፤ በእሳቸው ምክንያት አውሮፕላን ዘግይቶ አያውቅም። የሚመጣው ባለሥልጣን ቢሆን፣ ባለጸጋ ቢሆን፣ «በሩ ከተዘጋ ተዘጋ» ነበር መልሳቸው። ልጃቸው ፌበን ራሷ ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ ትንሽ ዘግይታ ብትደርስ፣ አባቷ በሩ ላይ ቆመው «ነገ ነይ» ብለው መልሰዋታል። ይህን ጽሑፍ የምትጽፈው እሷ ናት፤ እውነቱን ለመናገር ቂሙ እስከ ዛሬ አልወጣላትም።

በ1978 ዓ.ም. በጋምቤላ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ይሠሩ ከነበሩት ከወ/ሮ ሊድያ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ መሥርተው ፌበንንና ፊልሞናን ወልደዋል። በ2009 ዓ.ም. በክብር በጡረታ ተሰናበቱ።

ከጡረታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ሽንታቸው እየቆራረጠ ያስቸግራቸው ጀምሮ ነበር። አውሮፕላን እየጠበቁ ሽንት ቤት መመላለሱ ስላሳፈራቸው ውሃ መጠጣት ቀነሱ። ሽንቱ ሲያንስ ደግሞ በሙቀቱ አመካኙ። ጋምቤላ ላይ የተጠጣው ሁሉ በላብ ነው የሚወጣው፣ ሽንት ቢጠፋ ማን ይደነቃል? ይህ ስሕተት የእሳቸው ብቻ አይደለም። በዚህ ድንኳን ሥር ከተቀመጡት ወንዶች መካከል ይህንኑ እያሉ የሚኖሩ አሉ፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

በ2011 ዓ.ም. ሽንታቸው ጭራሹን ተዘግቶ ሆስፒታል ገቡ። አዲስ አበባ ተልከው ናሙና ሲመረመር የፕሮስቴት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ጀርባ አጥንታቸውም ደርሶ ነበር። ፕሮስቴት ማለት ወንድ ሆኖ የተወለደ ሁሉ ከፊኛው በታች ይዞት የሚዞረው ዕጢ ነው። ይህ ሲነበብ የሚያፍር ካለ ይፈር፣ ግን ጆሮውን አይድፈን።

ውጤቱን ይዘው ጎሬ ወጥተው ለእናታቸው ቢነግሩ፣ ወ/ሮ የሺአረግ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱና «አባትህም እኮ በዚሁ ነው የሄደው» አሉ። ሐኪሙ ያኔውኑ ለወ/ሮ የሺአረግ ነግሯቸው ነበር። ወንድ ልጅ በሽንቱ ሞተ ተብሎ እንዳይወራ ብለው ሸሸጉት። በ1988 ዓ.ም. በአቶ ዘርአብሩክ ቀብር ላይ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ተብሎ ተነበበ፤ ልጆቻቸውም ያንን ሰምተው፣ አልቅሰው፣ ንፍሮ ቀምሰው ወደየቤታቸው ገቡ። በሽታው በዘር እንደሚሄድ፣ አባቱ የታመመበት ልጅ ከሌላው ሰው ቀደም ብሎ መመርመር እንዳለበት የነገራቸው አንድም አልነበረም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ቤት የሸሸገው ወላጅ፣ መድኃኒት ያጣው ልጅ ሆነ።

አቶ ወንዳፍራሽ በእናታቸው አልፈረዱም። ጉልበታቸውን ስመው፣ እንባቸውን ጠርገው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቤት የመጣውን ሁሉ «በእኔ ቀብር ላይ ‹ባደረባቸው ሕመም› የሚል ሰው ቢገኝ ከሳጥኑ ተነሥቼ አርመዋለሁ» እያሉ ያስጠነቅቁ ነበር። የሚስቅ ይስቅ ነበር፤ እሳቸው ግን አይስቁም።

ሕክምናውንም እንደ ክርክራቸው ያዙት። በየሦስት ወሩ የሚወጉት መርፌ የወንድ ሆርሞንን የሚያጠፋ በመሆኑ ከውስጥ ወላፈን ይለቅባቸዋል፤ «የጋምቤላ ፀሐይ አንሶኝ ሌላ ጨመሩልኝ» ይሉ ነበር። ጡታቸው አበጠ፤ ጉልበታቸው ከዳቸው። በሰፈር «ወንዳፍራሽ ሴት ሆነ» ተብሎ መወራቱን ሲሰሙ አልተደበቁም። ወሬውን የጀመረውን ጎረቤት ቤታቸው ጠርተው ምሳ አብልተው፣ «ሴት ብሆን ሊድያ ካንተ ቀድማ ትሰማ ነበር፤ ይልቅ ሄደህ ተመርመር» ብለው ሸኙት።

ሕመሙ ጋብ ሲልላቸው ቤት አልተቀመጡም። ከአቶ ኦፒው ጋር ኢታንግ ገበያ እየሄዱ፣ እሳቸው በአማርኛ፣ አቶ ኦፒው በአኝዋክኛ፣ ወንዶችን ዙሪያቸው አስቁመው ያስተምሩ ነበር። ጀዊ የስደተኞች መጠለያም በኑዌርኛ እያስተረጎሙ ተናግረዋል። ኢታንግ ላይ ኛጃል የምትባል ዓሣ ነጋዴ ባሏን በእጁ እየጎተተች አምጥታ፣ «ለዚህ ሰውዬ ደግመህ ንገረው፤ እኔ ብናገር አይሰማም» ብላቸዋለች። ሰውዬው ሰምቶ ሄዷል።

እንግዳውን ሁሉ ሲያሳምኑ አንድ ሰው ግን እምቢ አላቸው፤ ታናሽ ወንድማቸው አቶ ያዕቆብ ዘርአብሩክ። አባታቸው አንድ፣ ደማቸው አንድ ነው። አቶ ወንዳፍራሽ «የመጣብኝ ካንተም ደጅ ቆሟል» ቢሉ፣ አቶ ያዕቆብ «ጋሼ፣ ምንም ሳልሆን በሽታ በደብዳቤ ልጥራ እንዴ?» ይሏቸዋል። ምርመራው ደም መስጠት ብቻ ሳይሆን ሐኪም በጣቱም እንደሚያይ ከሰሙ ወዲህማ ጉዳዩ ሲነሣ ባርኔጣቸውን አንሥተው ይወጡ ነበር። የበሽታው ስም በቤተሰቡ ስም ላይ እንዳይጠራ አጥብቀው የሚከራከሩትም እሳቸው ነበሩ። ሦስት ዓመት እንዲሁ አለፈ። አቶ ወንዳፍራሽ ከራሳቸው ሞት ይልቅ ይህ ነበር የሚያንገበግባቸው።

በ2014 ዓ.ም. የጀርባቸው ሕመም ሲጠናባቸው አዲስ አበባ ለጨረር ሕክምና ወረፋ ተያዘላቸው። ወራት የተጠበቀ ወረፋ ነው፤ ካለፈ እንደገና መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም። በጉዞው ዕለት ቤተሰቡ፣ አቶ ያዕቆብም ጭምር፣ ሊሸኛቸው አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አብሮ ወጣ። መንገደኞች ሲጠሩ አቶ ወንዳፍራሽ ከወንበራቸው አልተነሡም። ከኪሳቸው በአቶ ያዕቆብ ስም የተቆረጠ ሌላ ትኬት አወጡና «ይሄ ሰው አብሮኝ ካልሄደና ካልተመረመረ እኔም የትም አልሄድም» አሉ።

ቤተሰቡ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀጥሎ ወ/ሮ ሊድያ ለመኑ፤ ቀጥሎ አለቀሱ። አቶ ያዕቆብ ፊታቸው ተለዋውጦ «ጋሼ፣ በሰው ፊት አታዋርደኝ» ቢሏቸው፣ አቶ ወንዳፍራሽ «አባታችንን ማንም አላዋረደውም። በክብር ቀበርነው» አሉ። አቶ ኦፒው ከውጭ እየሮጡ ገብተው «አለቃ፣ በር ሊዘጋ ነው!» አሏቸው። «ሰዓቱ ከደረሰ ዝጉት» አሉ።

ተዘጋ። ባለሥልጣን ይምጣ ልጃቸው ትምጣ፣ ማንንም ያልጠበቁት ሰውዬ አውሮፕላኑ ያለ እሳቸው ሲነሣ በመስኮት አዩት። ከዚያ ጀርባቸውን ደግፈው፣ ወንበሩን ተመርኩዘው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ተነሡ። አቶ ያዕቆብ ያንን አነሣስ አዩ።

በማግስቱ አውሮፕላን ማረፊያው ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው መንገደኛ ሻንጣቸውን ይዘው የቆሙት አቶ ያዕቆብ ነበሩ። አቶ ወንዳፍራሽ አይተዋቸው ሻንጣቸውን እንደ ድሮው በእጃቸው መዝነው «ቀላል ነው፣ ያልፋል» ብቻ አሉ።

ወረፋው አልፎ ስለነበር አቶ ወንዳፍራሽ ተራ እስኪተካላቸው ድረስ በብርቱ ሕመም ቆይተዋል። ወ/ሮ ሊድያ «አየህ፣ እልህህ ምን አደረገህ» ሲሏቸው፣ «የዘንድሮ እልህ ፍሬ አለው፣ ጠብቂ» አሏቸው። የአቶ ያዕቆብ ውጤት መጣ። ካንሰር ነበረባቸው፤ ነገር ግን ገና ከዕጢው አልወጣም። ሳይቃጠል በቅጠል ሆኖላቸው፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ዳኑ። አቶ ወንዳፍራሽ ይህን የሰሙ ዕለት እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ ባወቅናቸው ዘመን ሁሉ ሲያለቅሱ ያየናቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ታገሉ። መርፌው አልይዝ ሲል ወደ ክኒን፣ ክኒኑ ሲደክም ወደ ኬሞ ተሻገሩ። ጸጉራቸው ሲረግፍ «ለጋምቤላ የሚሆነው ይሄ ነው» ብለው ባርኔጣ እምቢ አሉ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከአልጋ መነሣት ሲያቅታቸው፣ አውሮፕላን ሲያልፍ በድምፁ ብቻ መዘግየት አለመዘግየቱን ይናገሩ ነበር። ከሕመማቸው ጋር አልታረቁም፤ ከአምላካቸው ጋር ግን ታርቀው፣ ቆርበው ነው የሄዱት።

ትናንት ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ የእድራችን ሽማግሌዎች በቅንነት «ለክብራቸው ሲባል በሽታውን ዝለሉት» ብለው ነበር። ቤተሰቡ ምክራቸውን አመስግኖ አልተቀበለም። ክብራቸው ይኸው ነውና በግልጽ ይነበብ፤ አቶ ወንዳፍራሽ ዘርአብሩክ በፕሮስቴት ካንሰር ምክንያት በአገር ውስጥ ሲታከሙና ሲታገሉ ቆይተው፣ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

አቶ ወንዳፍራሽ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበሩ፤ አራት የልጅ ልጆችም አይተዋል። ኀዘኑ የባለቤታቸው የወ/ሮ ሊድያ፣ የልጆቻቸው፣ የወንድማቸው፣ የወዳጃቸው የአቶ ኦፒውና የመላው ጋምቤላ ነው። ከለቅሶው በኋላ ዕድሜው የደረሰ ወንድ ሁሉ፣ አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበትማ ከሁሉ ቀድሞ፣ ወደ ሐኪም እንዲሄድ አቶ ወንዳፍራሽ አደራ ብለዋል። ላዋጣም ልሸኝም ያለ በዚህ ይሸኛቸው።

ስንቱን መንገደኛ በእጃቸው ምልክት ከቦታው በሰላም ያደረሱትን ሰው፣ መላእክቱ እንዲሁ ከፊት ቆመው እየመሩ ወደ ማረፊያቸው ያስገቧቸው፤ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደግ ቦታ ይቀበላት፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ።

አቶ ወንዳፍራሽ ይህን ጽሑፍ ማን እንደሚያነበው ራሳቸው መርጠው፣ የአንባቢው ስም ግን በመጨረሻ ይነገር ብለው ነበር። እስከዚህ ድረስ ድምፃቸውን የሰማችሁት፣ ተመርምረው የዳኑት፣ ዛሬም በሕይወት ከፊታችሁ የቆሙት ታናሽ ወንድማቸው አቶ ያዕቆብ ዘርአብሩክ ናቸው።