ስለ ሳማው የዋሸሁት

ሰኞ፣ ሰኔ 14 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምታ ሳላስቀድም አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። እናትሽ ያረፈችው ቀኗ ደርሶ ነው ብዬሽ ነበር። ከዚያ በፊት ግን እኔ አንዲት ቃል ዋሽቻለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ደብቄሻለሁ።

ደብዳቤሽ ቅዳሜ ደረሰኝ። የሕፃኗን ፎቶ ሳምኩት። ከወለድሽ በኋላ እግርሽ ማበጡን፣ ደም እንዳይረጋ ኪኒን መጀመርሽን አነበብኩ። ቀጥሎ ያለውን ግን ሁለቴ አነበብኩት፦ «አባባ፣ ከምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ጀርባ የእማዬን ሳማ አገኘሁት፤ እስከ ወገቤ ይደርሳል። ለቅሜ አድርቄዋለሁ። ለአንድ ሲኒ ስንት ማንኪያ ነበር የምታደርግላት?»

ስንት እንደነበር አልነግርሽም።

ለቃሚው እኔ እንደነበርኩ ታስታውሻለሽ። አበባ ሳያወጣ፣ ጤዛው ሲደርቅ፣ የጫማ መስፊያ ጓንቴን አጥልቄ ከአጥሩ ሥር ጫፍ ጫፉን እቆርጣለሁ። አሮጌ መጋረጃ ላይ ጥላ ውስጥ አሰጣዋለሁ። እናትሽ «ጫማ ሰፊው ሐኪም» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ስትጠጣው ግን ጉልበቷ ሻል ይላት ነበር፤ ይሄ እንኳ ውሸት አይደለም።

ልቧን ታማ ያንቺን ዓይነት ኪኒን ያዘዙላት ቀን፣ ክሊኒኩ ውስጥ ከፊታችን አንዲት ሴትዮ ነበረች። ነርሷ «ሥር እየቀቀልሽ ትጠጫለሽ? ጉድ እኮ ነው!» ብላ ስትጮህባት ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ተራችን ደረሰ።

«እናቴ፣ ከኪኒኑ ሌላ የሚወስዱት አለ? ቅጠል፣ ሥር?»

እናትሽ ወደ እኔ ዞረች። ቀደምኳት። «ኧረ የለም እህቴ! እኛ ዘመናዮች ነን።»

እንደወጣን «ለምን ዋሸህ?» አለችኝ።

«ቅጠል እኮ ነው አንቺ! እግዜር ያበቀለው።»

«እግዜር ያበቀለው ሁሉ ይጠጣል እንዴ?»

ሳቅን። ቤት ገብተን ውሃ ጣድኩ።

በየወሩ ደሟን ሲመረምሩ፣ ኪኒኑ ደሟን አለማቅጠኑ ነርሷን ግራ ያጋባት ጀመር። «ኪኒኑን በደንብ ትውጣለች?» ትለኛለች። «ትውጣለች» እላለሁ። መጠኑን ጨመሩላት። እኔም እንድትበረታልኝ ብዬ ቅጠሉን ጨመርኩ። በአራተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት፣ ሲኒው ከእጇ ወደቀ፤ አፏ ተጣመመ። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ከወር በኋላ የተረፈውን ኪኒን ልመልስ ሄጄ ነርሷን ስለ ሳማ ጠየቅኳት።

«የኪኒኑን ጉልበት ይሰብረዋል» አለችኝ። ቀና ብላ አየችኝ። «አባቴ፣ ትጠጣ ነበር እንዴ?»

«ኧረ ለጎረቤት ነው የምጠይቀው» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ በየጸሎቴ «ነፍሷን ማርልኝ» እላለሁ። የእሷ ነፍስ ምን በደለችና! የራሴን ላለመጥራት ነው በእሷ የምጋረደው።

ልጄ፣ ለሐኪምሽ ሳትነግሪ አንድ ጉንጭ እንዳትቀምሺ። ኪኒኑንም በራስሽ እንዳትተዪው። ጀምረሽ ከሆነ ስንት ቀን እንደጠጣሽ ሳታፍሪ ተናገሪ። ይሳቁብሽ። ሳቅ አይገድልም።

ሕፃኗን ያሳድግልሽ። እግርሽን ያጽናልሽ። እኔን ይቅር ማለት ቢያቅትሽ እንኳ ቤትሽን ሰላም አይንሳው።

እዚህ ድረስ ጽፌ ልፈርም ስል እጄ ቆመ። ደብዳቤ አንቺ ያለሽበት ባዕድ አገር ለመድረስ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ይህ ጠፍቶኝ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ስልኩን እያነሳሁ መልሼ አስቀምጬዋለሁ። ድምፅሽን ከምሰማ ወረቀት ይቀለኛል ብዬ፣ አንቺን ሦስት ሳምንት ቅጠል ላስጠጣሽ ነበር። ኑዛዜዬም መደበቂያ ሆኖልኝ ነበር ማለት ነው።

ብዕሩን ጥዬ ደወልኩ። ባልሽ አነሳው።

«አባባ! ደኅና ነዎት? እሷ ኩሽና ናት፣ ያቺን ቅጠሏን እያፈላች።»

«ድፋው» አልኩት። «አሁኑኑ! ከዚያ ሐኪሟ ጋ ውሰዳት።»

«ምነው አባባ፣ ምን ተፈጠረ?»

«እናቷን የገደልኳት በዚያው ቅጠል ነው» አልኩት።

አባትሽ