ከገመዱ በፊት ያልኩት እልልታ

ከሞጣ፣ ጥር 14 ቀን

ይድረስ ለማልረሳህ ወዳጄ፣ ብቸና

እንዴት ከርመሃል? አባትህ መሪጌታ አካለ ወልድስ? ያ ጉልበታቸው ተሻላቸው? የዳማዋን በቅሎህን ደህንነት እንኳ አልጠይቅህም፤ ትናንት በዓይኔ አይቻታለሁ። አዎ፣ ሞጣ ውድድሩ ሜዳ ላይ ነበርኩ። አትደንግጥ፣ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ አዳማ እመለሳለሁ።

አምስት ዓመት ሙሉ ልጽፍልህ እያልኩ ስተወው ኖሬ፣ ዛሬ አልጋ ቤት ተቀምጬ ጀመርኩት።

ብቸና ጤና ጣቢያ አዋላጅ ሆኜ በመጣሁ በዓመቱ፣ የበቅሎ ውድድር እንዴት እንደሚታይ ልታስተምረኝ የለፋኸው ትዝ ይልሃል? እኔ እኮ የፈጠነ ሁሉ የሚያሸንፍ መስሎኝ ነበር። ስቀህብኝ ስታበቃ፣ ሰጋር በቅሎ ትሰግራለች እንጂ አትጋልብም፣ ከጋለበች ከውድድር ወጣች አልከኝ። አቧራውን ተይና የተቀመጠባትን ሰው ትከሻ እዪ፤ ሙሉ ብርሌ እንደያዘ ሰው ካልረጋ በቅሎዋ ስግሪያዋን ልትጥል ነው አልከኝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የመጨረሻው ገመድ ሳይታለፍ እልል እንዳልል፣ በቅሎ እልልታ ስትሰማ እንደምትበረግግ ነግረህ ሦስቴ አስማልከኝ። እኔም እየሳቅኩ ማልኩልህ።

በዚያ ዓመት ውድድር ዋዜማ፣ ካሸነፍኩ አዳማ ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ አልከኝ። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቀፍኩ፤ አንተ እፍረት መሰለህ። ወይ የዋህነትህ! ቦርሳዬ ውስጥ የዝውውር ደብዳቤዬ ነበር፣ ከደረሰኝ አሥር ቀኑ። እሺ እንዳልልህ ዕድሜዬን ሙሉ ብቸና መቅረቱ አስፈራኝ። እምቢ እንዳልልህ ደግሞ ዓይንህን እያየሁ አልቻልኩም። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

በማግስቱ ዳማዋ ሁሉንም ጥላ ከፊት መጣች። ትከሻህ ንቅንቅ አላለም። ሜዳው ጭጭ ብሏል። ገመዱ ሃያ እርምጃ ሲቀርህ እልል አልኩ።

ዳማዋ በርግጋ ጋለበች። ዳኛው ደግሞ የገዛ አባትህ! መሪጌታ ዓይናቸውን ከአንተ ላይ ሳይነቅሉ በትራቸውን አነሱብህ፣ ወጣህ። ሴቶቹ ሊበሉኝ ደረሱ። አንተ ከበቅሎ ወርደህ እየሮጥክ መጣህና፣ ተዉአት፣ ደስታ አምልጧት ነው አልካቸው። እንባዬንም በጋቢህ ጠረግህልኝ። ሳላሸንፍ ምን ፊት አለኝ ብለህ ሽማግሌውን ተውከው፤ እኔም በሳምንቱ ሄድኩ።

አላመለጠኝም። ይኸው ተናገርኩት። ሆን ብዬ ነው። እምቢታዬን በአፌ ብነግርህ ኖሮ እኔ ብቀርብህ እንኳ ድልህ አይቀርብህም ነበር። ያንን ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ትናንት ከሰዉ ኋላ ቆሜ እንዳስተማርከኝ ትከሻህን ብቻ አየሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ነበር። ገመዱን ስታልፍ ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ከሁሉ ቀድማ እልል አለች። አጠገቤ የቆሙትን እናት ማናት ብላቸው፣ ባለቤቱ ፈንታነሽ ናት አሉኝ። ጎበዝ ናት፣ ልክ በሰዓቱ ነው ያለችው። እኔም ልል ነበር፣ አሁን እኮ የሚከለክለኝ የለም። ነጠላዬን ግን ከአፌ ላይ አላነሳሁም።

ለመሪጌታ ጉልበታቸውን ሳምልኝ። የዚያን ቀን ጥፋቱ የዳማዋ እንዳልነበረም ንገርልኝ፤ ሌላውን እንደ ፈቀድክ አድርግ። እግዚአብሔር ልጅህን ያሳድግልህ፣ ቤትህን ይባርክልህ፣ ትዳርህን ከክፉ ዓይን ይጠብቅልህ።

መልስ ጻፍልኝ አልልህም። ምናልባት ብትጽፍ ግን አድራሻዬ ያው የአባቴ ቤት ነው፤ አልተለወጠም።

ያቺ እንግዳህ