ዘይት የጠጣች በር

ሰኞ፣ ኅዳር 2

የቤቴን በር ድምፅ ሰረቁኝ።

ቀልዴን አይደለም። የፊት ለፊቷ በር ስትከፈት እንደ አሮጊት ታቃስት ነበር። ከአልጋዬ ሳልነሳ የገባውን ሰው የምለየው በእሷ ነው። ረዘም አድርጋ ካቃሰተች የእህቴ ልጅ ናት። ቁርጥ ካለች ጎረቤታችን። ሁለት ጊዜ ካቃሰተች ፀጉር አስተካካዩ ወዳጄ... እሱ ሁልጊዜ የረሳው ነገር አለ፤ ገብቶ ይወጣል፣ ወጥቶ ይገባል። ዛሬ ጠዋት የእህቴ ልጅ የስፌት መኪናዋን ዘይት ማጠፊያው ላይ አንጠባጠበችበት። አለቀ። ጭጭ።

"ጋሼ፣ እንቅልፍህን እንዳትረብሽብህ ብዬ ነው።"

"እንዳትረብሸኝ ነው ወይስ ማን እንደገባ እንዳልሰማ?"

ሳቀች። በጣም ሳቀች። ይኸውልህ ሌላው ነገር... እዚህ ቤት ቀልዴ በድንገት ተወደደ። ያው የድሮዎቹ ናቸው። አምና "ኧረ ተወን ጋሼ!" የተባለባቸው። አሁን ግን ሁሉም ይስቃል። ጎረቤታችን ትናንት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወይስ እንባው ነው የቀደመው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

በር ቢከዳኝ የስፌት መኪና አለልኝ። የእህቴ ልጅ የምትሰፋው ከመኝታዬ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው። መኪናው ሲያንጎራጉር ሰላም ነው። ቀጥ ካለ ሹክሹክታ ተጀመረ ማለት ነው። ዛሬ ሦስቴ ቆመ። ክር ተበጥሶ ይሆን? ሦስቴ?

ሐኪሙም ባለፈው እኔን "ውጭ ይጠብቁ" ብሎ እሷን አስቀረ። የማን ጎን ነው የታመመው? የእኔ። ለማን ጆሮ ነው የተነገረው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

እንግዳ መጣች። በሯ ስላልጮኸች ያየኋት አልጋዬ ሥር ከደረሰች በኋላ ነው። መነጽር ያላት፣ ቦርሳዋ ከእሷ የሚበልጥ ነርስ። ጥናትም ታጠናለች። ከባድ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቤታቸው ሆነው ኑሯቸው ምን ይመስላል፣ የማስታገሻ ሕክምና ምን ይለውጥላቸዋል... እሱን ነው የምትጠይቀው። በየሐሙሱ እመጣለሁ አለች።

"ከባድ" አለች። ልብ አልኩ። "ማስታገሻ" አለች እንጂ "ማዳኛ" አላለችም። ይህንንም ልብ አልኩ።

"አባባ፣ ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ቢለካ ስንት ይሉታል?"

"መጀመሪያ አባባ የሚለውን ወደ ጋሼ ዝቅ አድርጊልኝ። ከዚያ እንደራደራለን።"

"እሺ ጋሼ። ስንት?"

"ለሌሎቹ ስንት ሰጠሻቸው?"

ፈገግ አለችና ጠበቀች። መጠበቅ ታውቅበታለች። ሰባት አልኳት።

"የሚያስጨንቅዎትን ነገር ለሚቀርብዎት ሰው መናገር ይችላሉ?"

"የምናገረው ሰው ሞልቷል። የሚነግረኝ ነው የጠፋው።"

አመለጠኝ። እስክሪብቶዋን አቆመች፣ ዐይኔን አየችው። "ከአሥር ስንት" ብዬ ሰይሜያታለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ከሐኪም ቤት አንድ ጠርሙስ ሽሮፕ ተላከልኝ። የእህቴ ልጅ በትንሿ መለኪያ ቀዳችልኝ።

"ይህን ከወሰድክ ታርፋለህ ጋሼ።"

ማረፍ! ሌላ ቃል ጠፋ?

ውሃ አምጪልኝ ብዬ ላክኋትና ሽሮፑን መስኮቱ ላይ ላለችው አበባ አጠጣኋት። ስትመለስ ባዶ መለኪያ ይዤ ፊቴን እንደ መረረው ሰው አጨማደድኩ። ደስ አላት። እኔም ደስ አለኝ... ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት እንዳልሄድ ሆዴን ስይዝ የነበረው ደስታ።

ግን ለተንኮል ብቻ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ ሬድዮ ጠግኛለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፤ ፈትቼ ፈትቼ ነው የገባኝ። አንድ የማውቀው ነገር ቢኖር፣ የሚንጫጫ ሬድዮ ድምፁ ተቀንሶ አይጠገንም። ጩኸቱ ነው ብልሽቱ ያለበትን የሚያሳይህ። ጎኔን ዝም ካሰኙት ቀጥሎ ማንን ሊያሰኙ ነው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

"ዛሬስ ከአሥር ስንት ነው ጋሼ?"

"ስምንት።"

"መድኃኒቱን እየወሰዱ?"

"አንድም ቀን መለኪያው ሞልቶ አላደረም።" እውነቴን ነው።

ግንባሯን ቋጠረች። መጠኑ እንዲጨመር ሐኪሙን አነጋግራለሁ አለች። ስትወጣ የስፌት መኪናው ቆመ... ሹክሹክታ... የእህቴ ልጅ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማሁ።

ቀስ በቀስ ነው የሚጨምሩት፣ አይደል?

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ቤቱ ጸጥ። በሯ ጸጥ። ጎኔ ብቻ ነው የሚያወራኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ፀጉር አስተካካዩ ከሐኪም ቤት ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ቀን ብቅ አላለም። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው። ከዚህ ድንጋይ ብወረውር መስታወቱን እሰብርለታለሁ። ቢቻለኝ ኖሮ...

ምን አደረግሁት? ዳማ ስንጫወት ጠጠሩን መስረቄን ነቃብኝ? እሱማ ድሮም ያውቃል፤ እሱም ይሰርቃል። ሌላ ተጫዋች አግኝቶ ነው? ወይስ እሱንም "አትምጣ" ብለውት?

ያ ሰው ከተዋወቅን ጀምሮ በቀልዴ አንድ ቀን ስቆ አያውቅም። "ይቺን ሰምቻታለሁ" ይላል። ያልሰማትንም። እንዴት እንደሚያናድደኝ!

ይህን ሁሉ የሚስቅ ሰው ሰብስበው እሱን የት አደረሱት?

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ተያዝኩ።

"ከአሥር ስንት" ደስ ብሏት መጣች። ሐኪሙ ጭማሪውን ፈቅዷል። ቦርሳዋን ልታሳርፍ ወደ መስኮቱ ስትጠጋ ቀጥ ብላ ቆመች። የአበባዋ አፈር ላይ ጉንዳን እንደ ሰልፈኛ ተደርድሯል። ጣፋጭ ነገር ሸቷቸዋላ! በጣቷ አፈሩን ነካ አድርጋ አሸተተችው።

"ጋሼ፣ ጉንዳኖቹ ሕመማቸው ከአሥር ስንት ነው አሉ?"

"እነሱ ደህና ናቸው። አንዱ ብቻ ትንሽ ፈዘዝ ብሎብኛል።"

ሳቀች። ይህ የእውነት ሳቅ ነበር፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ።

"አንድ ጠብታ ላልለመደ ሰውነት ትልቁን መጠን ላስጀምርዎ ነበር። አንድ ቀን ሕመሙ ሲጠናብዎ ቢጠጡትስ? ያኔ ነበር መፍራት። ለምን ደፉት?"

የሬድዮውን ነገርኳት። የሹክሹክታውን፣ የሳቁን፣ ውጭ ጠብቅ መባሌን... እንደ ልጅ ከሰስኩ። እስክሪብቶዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?"

"ሬድዮ ጠጋኝ ነኝ። ክዳኑን ክፈቺው።"

"የእህትዎ ልጅ አብራ ብትሆን?"

"ጥሪያት። መኪናው ከቆመ ቆይቷል፤ ከበሩ ጀርባ ናት።"

ነበረች። የአልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነርሷ ድምፅዋን ዝቅም ከፍም ሳታደርግ ነገረችኝ። ዕጢው ከጉበት ተነስቶ ጀርባ አጥንት ውስጥ ገብቷል። የሚድን አይደለም። መቼ እንደሚያበቃ እሷም ሐኪሙም አያውቁም።

"እንግዲህ ብልሽቱ ተገኝቷል ጋሼ። አይጠገንም። ታዲያ ከዚህ ወዲያ ለማን ብሎ ነው የሚጮኸው?"

በራሴ ሙያ ረታችኝ!

"ሽሮፑ ማሰናበቻ አይደለም" አለች። "ቁጭ ብለው እንዲበሉ፣ እንዲያወሩ፣ እንዲሰድቡን ነው።"

ወደ እህቴ ልጅ ዞርኩ። "አንቺስ? አፍሽን ዘይት ቀብተሽው ነበር?"

አልሳቀችም። "ልነግርህ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ትቀልዳለህ" አለች። "እኔ በየት በኩል ልግባ ጋሼ?"

እጇን ያዝኳት። ጣቶቿ በመርፌ የተበሳሱ ናቸው... ከዚህ በፊት አይቻቸው አላውቅም።

ነርሷ ስትወጣ አንድ ጥያቄ ቀራት፦ ከሁሉ የናፈቀዎት ምንድን ነው? "መስኮቱ ጋ ቁጭ ብዬ አንድ ሬድዮ መፍታት" አልኳት። ሌላም ነበር። እሱን አልነገርኳትም። ሁሉንም ለነርስ ይነገራል እንዴ?

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ትንሹን መጠን ወሰድኩ። የእህቴ ልጅ እስክውጥ ድረስ ዐይኗን ከጉሮሮዬ አልነቀለችም፤ ወንበሯን በእኔና በአበባዋ መካከል አድርጋ። ተጠራጣሪ!

አልሞትኩም። ይህንን መጻፍ አለብኝ።

ጎኔ ዝም አላለም። ራቀ። ጎረቤት ቤት የተከፈተ ሬድዮ ሆነ... አለ፣ ይሰማል፣ ግን የእኔ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ሆዴ ደረቀ፤ ሽሮፑ እንዲህ ያደርጋል ብለዋል፤ ለእሱም ሌላ ሽሮፕ አለ። እንቅልፍ ይጫጫነኛል። ነገር ግን ጠዋት ሾርባ ጠጣሁ፣ ጨው አነሰው ብዬ ተጣላሁ። የእህቴ ልጅም መልሳ ጮኸችብኝ። ደስ አለኝ። ለታመመ ሰው እንዲህ አይጮህበትም።

የሥራ ጠረጴዛዬን መስኮቱ ሥር ጎተተችልኝ።

ሞት አያስፈራህም ወይ ብትለኝ፣ ያስፈራኛል። ግን ድሮ ምን እንደሚያስፈራኝ አላውቅም ነበር፤ ሁሉም ያስፈራኝ ነበር። በርም፣ ሳቅም፣ ሽሮፕም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

መስኮቱ ጋ ነኝ። ሬድዮው ፊቴ ተፈትቷል። እጄ ቶሎ ይደክማል፤ አንድ ብሎን እፈታለሁ፣ አንድ መስመር እጽፋለሁ። ከማዶ ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ ፎጣ ሲያራግፍ አየሁት። እሱም ያየኝ መሰለኝ። ፎጣውን እንደያዘ ቆመ... ከዚያ ገባ። ይግባ። እኔ ምን...

"ምን አባክ ትጽፋለህ?"

እላዬ ላይ ቆሟል! ያቺ በር! አንድ ድምፅ እንኳ... ማጠፊያውን አሸዋ አበላዋለሁ!

"ማን ልኮህ ነው?" አልኩት። እንዴ፣ መጠርጠር አለብኝ።

"ፀጉርህ። ከማዶ ይታያል እኮ! ሰው እኔ የቆረጥኩት እየመሰለው ነው። ገበያዬን ልትዘጋው ነው?"

"እስከ ዛሬስ?"

መቀሱን ከኪሱ ሲያወጣ ቆየ። "እስከ ዛሬ መስኮቱ ባዶ ነበር" አለ። "ባዶ መስኮት እያየሁ እንዴት ልግባ? ምን ልልህ?"

አንሶላ አንገቴ ላይ አሠረብኝ። ጻፍ ጻፍ፣ ራስህን ብቻ አታንቀሳቅስ ይላል። ፀጉሬ ደብተሩ ላይ እየወረደ ነው። ነጭ ነው፤ ይህን ያህል መሸበቴን ማንም አልነገረኝም። ያቺን የጉንዳኖቹን ነገር አሳምሬ፣ ትንሽም ጨምሬበት አወራሁት። አዲስ ናት፤ በዚህ ምድር ላይ ማንም አልሰማትም።

መቀሱን እንኳ አላቆመም።

"ይቺን ሰምቻታለሁ" አለ። "ቀና በል።"